ወላጅ በአንጎል ዕጢ ሲታመም፦ ቤቱ ሳይፈርስ ስለሚደረስለት ቤተሰብ

  

በዚህ ልሳን ዘወትር የምናወሳው አባቱን በሞት ስላጣ ልጅ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ግን ወላጁ በሕይወት እያለ በከባድ ሕመም ስለተያዘበት ልጅ እንነጋገራለን። «የየቲሞች ልሳን በሕይወት ስላለ አባት ለምን ይጽፋል?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። የአንድ ልጅ ስም በየቲሞች መዝገብ ላይ በሚሰፍርበት ዕለት ብዙውን ጊዜ ቤቱ ቀድሞ ተጎድቶ እናገኘዋለን። ሱቁ ተሸጧል፤ የእናትየዋ ወርቅ ለመድኃኒት ወጥቷል፤ ታላቁ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ፍለጋ ሄዷል፤ ታናናሾቹ በየዘመዱ ቤት ተከፋፍለዋል። ይህ ሁሉ የሆነው በሕመሙ ወራት እንጂ ከቀብር በኋላ አይደለም። ስለዚህ በሕመሙ ጊዜ የሚደረግ ጥቂት እርዳታ፣ ዘግይቶ ከሚመጣ ብዙ እርዳታ ይልቅ ቤትን ሊያቆም ይችላል።

ዑለማእ የቲም የሚሉት ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበትን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። እናቱን ያጣ ወይም አባቱ አልጋ የያዘበት ልጅ በዚህ ስም ባይጠራም፣ ከርኅራኄያችንና ከሰደቃችን ውጭ የሚያደርገው አንዳች ምክንያት የለም።

ለዛሬ የአንጎል ዕጢን የመረጥነው፣ ይህ ሕመም የሰውነትን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ንግግርን፣ ትዝታንና ጠባይን ጭምር ስለሚነካ ነው። አባት ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ልጆቹ «አባታችን የት ሄደ?» እስኪሉ ድረስ ሊለወጥ ይችላል።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የአንጎል ዕጢ በራስ ቅል ውስጥ፣ በአንጎል ወይም በሽፋኖቹ ላይ፣ ያለ ሥርዓት የሚባዙ ሕዋሳት ክምችት ነው። አንዳንዱ ከዚያው ከአንጎል ይነሣል፤ ሌላው ከሳንባ፣ ከጡት ወይም ከሌላ የሰውነት ክፍል ተዛምቶ የሚመጣ ካንሰር ነው። ከአንጎልና ከሽፋኖቹ የሚነሡት ሁሉ ካንሰር አይደሉም። ሜኒንጂዮማ የሚባለው ከአንጎል ሽፋን የሚነሣ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ያድጋል፤ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ግላዮማ የሚባለው ወገን ደግሞ የነርቭ ሕዋሳትን ከሚደግፉ ሕዋሳት የሚነሣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአንጎል ዕጢዎችን እንደ ባሕርያቸው ከ1 እስከ 4 በደረጃ ይከፍላቸዋል። ግላዮብላስቶማ የሚባለው በደረጃ 4 የሚመደብና እጅግ ፈጣን የሆነው ነው። ስለዚህ «የአንጎል ዕጢ አለበት» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ወዲያው ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ ዓይነቱና ደረጃው ሳይታወቅ ስለ ፍጻሜው መናገር አይቻልም።

በሌላ በኩል «ካንሰር አይደለም» ማለት «አደጋ የለውም» ማለት አይደለም። የራስ ቅል እንደ ሆድ ዕቃ የሚለጠጥ አይደለም። ካንሰር ያልሆነ ዕጢም ሲያድግ አንጎሉን ይጫናል፤ የአንጎልን ፈሳሽ መተላለፊያ ሊዘጋም ይችላል።

ልጆችም ጎረቤትም ማወቅ ያለባቸው አንድ ነገር አለ። ይህ ሕመም በመተቃቀፍ፣ በአንድ ሳሕን በመብላት ወይም በአንድ ክፍል በማደር አይተላለፍም። በዘር የሚወረሰውም በጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ነው። በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ምክንያቱ አይታወቅም። የእርግማን ውጤት ነው፣ ወይም ሰውየው በሠራው ኃጢአት የመጣበት ነው ብሎ መናገር በሕሙሙ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ነው።

ምልክቶቹና መዘግየቱ

ራስ ምታት ሁሉ ዕጢ አይደለም፤ እንዲያውም ከራስ ምታት አብዛኛው ሌላ ምክንያት ያለው ነው። ነገር ግን አዲስ የጀመረና ከሳምንት ሳምንት እየባሰ የሚሄድ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ጠዋት ሲነሡ የሚበረታ፣ ትውከት የሚከተለው ራስ ምታት በሐኪም መታየት አለበት። ከዚህ በፊት የሚጥል በሽታ ኖሮት የማያውቅ ጎልማሳ ድንገት ሲወድቅና ሲያንዘፈዝፈው፤ አንድ እጅ ወይም እግር ሲዝል፤ ምላስ ሲተሳሰር ወይም ቃል ሲጠፋ፤ ዓይን በአንድ ወገን ማየት ሲያቆም፤ ትዕግሥተኛ የነበረ ሰው ያለ ምክንያት ቁጡ ወይም ለሁሉም ነገር ግድ የለሽ ሲሆን፣ እነዚህም ችላ የማይባሉ ምልክቶች ናቸው።

በአገራችን እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ «ጂን ነው»፣ «ዓይን ነው»፣ «ቡዳ ነው» እየተባለ ወራት ያልፋሉ። ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ ለሕሙም ሰላምና ብርታት ነው፤ ከእርሱ አንከለክልም። ሆኖም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘውናል። ሩቅያ እየተደረገለት ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ከተወኩል አልወጣም። ሐኪም ቤት እንዳይሄድ የሚከለክል፣ የታዘዘለትንም ክኒን የሚያስጥል «አዋቂ» ግን ለሕሙሙም ለልጆቹም አደገኛ ነው።

ሕክምናው

ምርመራው በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ይጀምራል። ዓይነቱ በእርግጥ የሚለየው ግን ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ከተወሰደው ናሙና ነው። ሐኪሞች እንደ ዕጢው ዓይነትና ቦታ ቀዶ ሕክምናን፣ ጨረርን፣ መድኃኒትን ወይም ክትትልን ብቻ ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀምሯል፤ ዛሬ በዚህ ሥልጠና ያለፉ ሐኪሞች ብዙዎችን ያክማሉ። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማና በሐረርም ተጀምሯል።

ለግላዮብላስቶማ የተለመደው የጨረር ሕክምና በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ሳምንታት፣ በጠቅላላው 30 ጊዜ ነው። ይህን ቁጥር ለጋሾቻችን ልብ እንዲሉት እንፈልጋለን። ከሩቅ ወረዳ የመጣ አባት ሕክምናው ራሱ በነጻ ቢሰጠው እንኳ፣ ለ6 ሳምንታት የሚያድርበት ቤት፣ የሚበላው ምግብና በየቀኑ የሚመላለስበት ትራንስፖርት ያስፈልገዋል። አስታማሚም አብሮት ስለሚመጣ ቤት የሚቀሩ ልጆች ሁለቱንም ወላጆች ያጣሉ።

በጨረሩ ላይ ቴሞዞሎማይድ የተባለውን ክኒን መጨመር የተለመደው እ.ኤ.አ. በ2005 ከታተመ ትልቅ ጥናት ወዲህ ነው። በዚያ ጥናት ሁለቱን አንድ ላይ ካገኙት ሕሙማን ግማሾቹ ከ14.6 ወር በላይ ሲቆዩ፣ ጨረር ብቻ ካገኙት ግማሾቹ ከ12.1 ወር በላይ ቆይተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከመቶ 26.5 እና ከመቶ 10.4 ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች የብዙ ሰዎች ድምር እንጂ የአንድ ሰው አጀል አይደሉም፤ አጀል በአላህ እጅ ነው። ለቤተሰብ የሚጠቅሙት ጊዜን በአግባቡ ለመጠቀም ነው።

ሀብትና ሥልጣንም ከዚህ ሕመም አያድኑም። የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት የጆ ባይደን ልጅ ቦ ባይደን፣ የዴላዌር ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግና የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በ44 ዓመቱ ግላዮብላስቶማ ተገኘበት። በአገሩ ካሉት ስመ ጥር የሕክምና ማዕከላት በአንዱ ታከመ፤ የሥራ ዘመኑ እስካበቃበት እስከ ጥር 2015 እ.ኤ.አ. ድረስም በኃላፊነቱ ቆየ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አረፈ። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላ ጊዜ ካገኘ፣ የእኛ ድሀ ወገን ያገኛትን እያንዳንዷን ወር ከብክነት መጠበቅ የሁላችንም ኃላፊነት ነው።

በቤት ውስጥ የሚለወጠው

ዕጢው የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ሲነካ ሰውየው ሊቆጣ፣ ሊረሳ፣ ወይም ልጆቹ ሲስቁም ሲያለቅሱም ምንም ላይሰማው ይችላል። የአንጎልን እብጠት ለመቀነስ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም እንቅልፍ ይነሣል፤ ረኃብን ያበረታል፤ ፊትን ያሳብጣል፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ሊጨምርና ጠባይንም ሊለውጥ ይችላል። ይህ መድኃኒትና የሚጥል በሽታን የሚከላከለው ክኒን ከሐኪም ምክር ውጭ በአንድ ጊዜ መቋረጥ የለባቸውም።

ሚስት «ባሌ ጠላኝ»፣ ልጅም «አባቴ አይወደኝም» ከማለታቸው በፊት ይህን ሊያውቁ ይገባል። የሚናገረው ቁጣ የሕመሙ እንጂ የልቡ አይደለም። ይሁን እንጂ ድብደባ ወይም አደጋ የሚያሰጋ ከሆነ ለሐኪሙ መንገርና ልጆቹን ወደሚታመን ዘመድ ማራቅ ነውር አይደለም።

ድካሙም እንደ ስንፍና ሊታይ አይገባም። ብዙ ሕሙማን ከቀኑ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ብርታት ያገኛሉ። እነዚያን ሰዓታት እንግዳ በመቀበል ከማሳለፍ ይልቅ ለልጆቹ ቢያውላቸው ይሻላል። አባት መሥራት ባይችልም የልጁን ደብተር ማየት፣ ሲቀራ ማዳመጥ፣ አብሮት መብላት ይችላል። እናትም ምግብ መሥራት ቢያቅታት የልጇን ጸጉር እየዳበሰች ወግ ልታወጋት ትችላለች። ለልጁ ወላጅ ማለት ይህ ነው።

ለልጆች ምን እንበላቸው?

በባህላችን ክፉ ዜናን ከልጅ መደበቅ የተለመደ ነው። መርዶም ቢሆን በዘዴና በወገን ፊት ይነገራል እንጂ እንዲሁ አይጣልም። ይህ ጥንቃቄ መልካም ጎን አለው። ነገር ግን ልጅ የእናቱን እንባ፣ የጎረቤትን ሹክሹክታ፣ የአባቱን የተላጨ ራስ ያያል። እውነቱ ካልተነገረው ከእውነቱ የከፋ ነገር በራሱ ያስባል። «አባትህ መንገድ ሄዷል» ተብሎ የተታለለ ልጅ በኋላ የሚነገረውን ሁሉ ይጠራጠራል።

ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አጭር ቃል ይበቃዋል፦ «አባ ራሱን ታሟል፤ ሐኪሞች እያከሙት ነው፤ ዛሬ ከትምህርት ቤት አክስትህ ትወስድሃለች።» በዚህ ዕድሜ ከምንም በላይ የሚያረጋጋው የምግብ፣ የእንቅልፍና የጨዋታ ሰዓቱ አለመለወጡ ነው።

ከ6 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ ሕመሙን በስሙ ቢሰማ ይሻላል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ፤ «ስላስቸገርኩት ነው የታመመው» ይላሉ። ስለዚህ ባይጠይቁም እንኳ ሦስት ነገር ይነገራቸው፦ «በአንተ ምክንያት አልመጣም፤ ወደ አንተም አይተላለፍም፤ ምንም ቢመጣ የሚያሳድግህ አለ።»

ወጣቱ ልጅ ሙሉውን መስማት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሸክሙ የሚወድቀው በዚህ ልጅ ላይ፣ ይልቁንም በታላቋ ሴት ልጅ ላይ ነው። ማገዟ መልካም ነው፤ ትምህርቷን ግን ሊያስጥላት አይገባም። ለትምህርት ቤት መምህሯና ለመድረሳ ኡስታዟ የቤቱ ሁኔታ ቢነገራቸው፣ ያልተሠራውን የቤት ሥራና የዘገየችበትን ምክንያት ይረዱላታል።

«አባቴ ይሞታል?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ «አይሞትም» ብሎ መማል አይገባም፤ «አዎን» ብሎ መፍረድም እንዲሁ። «ሕመሙ ከባድ ነው፤ ሐኪሞች የሚችሉትን ያደርጋሉ፤ እኛም ዱዓ እናደርጋለን፤ አዲስ ነገር ካለ ከሌላ ሰው ሳትሰማ እኔ እነግርሃለሁ» ማለት እውነትም ነው፣ ያሳርፋልም። ዱዓ ሲያስተምሩት ግን «አጥብቀህ ከለመንክ ይድናል» ብለው የመዳኑን ኃላፊነት በልጁ ትከሻ ላይ እንዳይጭኑ እናሳስባለን።

ሕሙሙ ሲያንዘፈዝፈው

በሕሙሙ ቤት ያሉ ትልልቅ ልጆች ይህን ቢማሩ ፍርሃታቸው ይቀንሳል። ሕሙሙ ሲወድቅ በዙሪያው ያለውን ምድጃ፣ ሹልና ጠንካራ ዕቃ ማራቅ፤ ከራሱ ሥር ልብስ ማድረግ፤ በጎኑ ማስተኛት፤ ሰዓት ማየት። በአፉ ማንኪያም ጣትም ውኃም አይገባም። በኃይል ተጭኖ መያዝ አያስፈልግም። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት የተለመደ ቢሆንም አይጠቅምም፤ ሊያቃጥልም ይችላል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ በላይ በላዩ ከደገመው በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ዒባዳ፣ ዕዳና ኑዛዜ

ሸሪዓችን ለሕሙም ቀላል ነው። መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል። ውኃ የሚጎዳው ተየሙም ያደርጋል። መጾም የሚጎዳው ያፈጥራል፤ ሕመሙ ይድናል ተብሎ የማይጠበቅ ከሆነም ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል። በረመዳን የመድኃኒት ሰዓትን በራስ ውሳኔ ማዛባት አደጋ ስላለው፣ አስቀድሞ ከሐኪምና ከዓሊም ጋር መመካከር ያሻል።

ይህ ሕመም አእምሮን ሊነካ ስለሚችል፣ ኑዛዜና የዕዳ ነገር ሰውየው ነገር መለየት በሚችልበት ጊዜ ማለቅ አለባቸው። ይህን ማድረግ ሞትን መጥራት አይደለም፤ ጤነኛም ቢሆን የሚገባው ሥራ ነው። የሚከፍለውና የሚከፈለው ዕዳ፣ በእጁ ያለ የሰው አማና፣ የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ የልጆች የልደት ወረቀት በምስክር ፊት ተጽፎና ተሰብስቦ ይቀመጥ። ሚስት የትኛው ወረቀት የት እንዳለ ትወቅ።

በሸሪዓ ከውርስ በፊት ዕዳ ይከፈላል፤ ቀጥሎ ኑዛዜው ይፈጸማል፤ ኑዛዜውም ከንብረቱ ሢሶ አያልፍም፤ ወራሾቹ ሁሉ ካልፈቀዱ በቀር ለወራሽ ኑዛዜ አይደረግም። አብዛኞቹ ዑለማእ በሞት አፋፍ ሕመም ወቅት የተሰጠ ስጦታን እንደ ኑዛዜ ይቆጥሩታል። ስለዚህ አልጋ ከያዘ በኋላ ቤቱን ለአንዱ ልጅ ወይም ለወንድሙ ማዛወር ለየቲሞቹ የክርክር ምንጭ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተቋቋሙት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የውርስ፣ የስጦታና የሞግዚትነት ጉዳዮችን ይመለከታሉ፤ ጊዜ ሳያልፍ ምክር መጠየቅ ይጠቅማል።

የጎረቤትና የለጋሽ ድርሻ

«የምትፈልጉት ነገር ካለ ንገሩን» ብሎ መሄድ መልካም ቃል ነው፤ የተቸገረ ሰው ግን መጠየቅ ያፍራል። «ዘወትር ሰኞ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣለሁ»፣ «የዚህን መንፈቅ የትምህርት ክፍያ እኛ እንችላለን»፣ «ለጨረሩ 6 ሳምንታት ቤታችን ያለውን ክፍል ለአስታማሚውና ለሕሙሙ ለቅቀናል» ማለት ይሻላል። ሱቅ ያለው ቢሆን አባትየው እስኪሻለው ሱቁን የሚጠብቅ ታማኝ ሰው ማግኘት፣ ከገንዘብ የበለጠ እርዳታ ነው። ሱቁ ካልተሸጠ ልጆቹ ነገ ከማንም አይጠብቁም።

ዘካን በተመለከተ፣ ድሆችና ምስኪኖች እንዲሁም ባለዕዳዎች ከስምንቱ የዘካ ተቀባዮች መካከል ናቸው። በሕመም ምክንያት ገቢው ተቋርጦ የተቸገረ ወይም ለሕክምና ተበድሮ መክፈል ያቃተው ቤተሰብ ከእነዚህ ሊመደብ ስለሚችል፣ ለጋሾች ሞትን ሳይጠብቁ ዘካቸውን ሊያደርሱለት ይችላሉ።

ሕሙም ስንጠይቅም ጉብኝታችን አጭር ይሁን። በልጆቹ ፊት ደረት መምታት፣ «እነዚህን ሕፃናት ለማን ትቶ ነው?» ማለት፣ ሰውየው ሳይሞት ቤቱን የለቅሶ ቤት ማድረግ ነው። ሕሙሙ የማይሰማ ቢመስልም ሊሰማ ይችላል።

ውድ አንባብያን፣ በየሰፈራችን አንድ ሱቅ ድንገት ሲዘጋ፣ አንድ ሰጋጅ ከሶፉ ሲጠፋ፣ አንድ ተማሪ ከመድረሳ ሲቀር፣ ምክንያቱን እንጠይቅ። ያን ቀን የሚንኳኳ በር ልጆቹ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲያድጉ ሰበብ ሊሆን ይችላል። አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማንን ይፈውስ፤ አስታማሚዎችን በሰብር ያጽና፤ ልጆቻቸውን ለቁም ነገር ያብቃ። አሚን።